ጡቷ ስላጋተ ብቻ አረገዘች አይባልም

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ ውሻ ያላቸው ሰዎች አንድ ጽሑፍ እየተቀባበሉ ነው። ውሻችሁ ማርገዝ አለማርገዟን ሐኪም ሳታስቸግሩ፣ ብር ሳታወጡ፣ እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ማወቅ ትችላላችሁ ይላል። እኔ ሥራዬ እንስሳት ማከም ስለሆነ ጽሑፉ ከብዙ ሰው ደርሶኛል። ገሚሱ «እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ነው የላከልኝ። ገሚሱ ደግሞ የተባለውን ሁሉ አድርጎ ከጨረሰ በኋላ።

ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ጽሑፉ ውስጥ ውሻን ለሞት የሚዳርግ ምክር አለ። ሰውን ለሞት ሊዳርግ የሚችልም አለ። ጸሐፊው እንስሳ የሚወዱ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ስለዚህ መልሴን በክፉ እንደማይወስዱት ተስፋ አደርጋለሁ።

ላላነበባችሁት፣ ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ውሻ ከተሰረረች በኋላ በ21 ቀን ተመልሳ ወንድ ካልፈለገች አርግዛለች። በ10ኛው ቀን ሆዷን ጫን አድርጎ በመዳሰስ ቡችሎቹን መቁጠር ይቻላል። ከፋርማሲ የሚገዛው የሴቶች የሽንት መመርመሪያ ለውሻም ይሠራል። ጡቷ አብጦ ወተት ካወጣ ጥርጥር የለውም። ከማህፀኗ ፈሳሽ ቢወጣ፣ ውኃ ብታበዛ፣ ብትደበቅ፣ ጠባይዋ ቢለወጥ የእርግዝና ነገር ስለሆነ አትደንግጡ። ወንዱ ተቆላልፎ ካልቆየ አታረግዝም። በሦስት ወሯ ትወልዳለች። እስከዚያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምግቧን እጥፍ አድርጉ፣ ካልሲየምም ስጧት።

ከ21 ቀኑ ልጀምር። ይህ የላም ሂሳብ ነው። ከብት ያረባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ላም ኮርማ ፈልጋ ካልያዘች በ21 ቀን አካባቢ ተመልሳ ትፈልጋለች። ካልተመለሰች «ይዛለች» ይባላል። ለላም ጥሩ ፍንጭ ነው። ውሻ ግን ወንድ የምትፈልገው ብዙውን ጊዜ በስድስትና በሰባት ወር አንዴ ነው። አረገዘችም አላረገዘችም በ21 ቀን አትመለስም። በዚህ ሂሳብ ከሄድን ወንድ ያገኘች ውሻ ሁሉ እርጉዝ ናት ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጽሑፉ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ስህተቶች የመጡት ከዚሁ ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን ይመነጫል። ሥራው እርግዝናን መጠበቅ ነው። ላም ካላረገዘች ማህፀኗ ራሱ መልእክት ልኮ ያንን ሆርሞን ያስቆመዋል፤ ከዚያ እንደገና ኮርማ ትፈልጋለች። የውሻ ማህፀን ይህን አያደርግም። ስለዚህ ውሻዋ ብታረግዝም ባታረግዝም ፕሮጄስትሮኑ ለሁለት ወር ያህል ከፍ ብሎ ይቆያል። ቡችላ ኖረም አልኖረም ሰውነቷ ለእናትነት ይዘጋጃል። በመጨረሻ ፕሮጄስትሮኑ ሲወርድ ደግሞ ወተት የሚያመጣው ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ይነሳል። ይህም ቢሆን ባረገዘችውም ባላረገዘችውም ላይ ይሆናል።

እንግዲህ «ጡቷ አብጦ ወተት ካወጣ ጥርጥር የለውም» ወደሚለው እንምጣ።

አንዲት እናት ከገንደ ቆሬ ውሻቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ጡቷ አጋቷል። ጫፉን ሲነኩት ነጭ ወተት ጠብ ይላል። አልጋ ሥር ገብታ የልጆቹን አንድ እግር ነጠላ ጫማ ታቅፋ ነው የምትውለው። ጫማውን ሊወስዱባት ሲሉ ታጉረመርማለች፤ ከተዉላት ደግሞ ትልሰዋለች። እናትየዋ ካርቶን አዘጋጅተው፣ ውስጡ አሮጌ ሽርጥ አንጥፈው፣ ለጎረቤት ቡችላ ቃል ገብተው ነው የመጡት። በአልትራሳውንድ ስናየው ማህፀኗ ባዶ ነው። «ታዲያ ወተቱ ከየት መጣ ዶክተር?» አሉኝ። ከዚያው ከሆርሞኑ ነው የመጣው። ጫማዋን ቡችላ አድርጋ ያስታቀፋትም እሱው ነው።

ይህ የሐሰት እርግዝና ይባላል። ብርቅ ነገር አይደለም፤ ያልተመከነች ማንኛዋም ሴት ውሻ ላይ ሊከሰት ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ወንድ ከፈለገች ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ማለትም በትክክል አርግዛ ቢሆን ኖሮ መውለጃዋ በሚቀርብበት ሰሞን። ሰው የሚሳሳተው ለዚህ ነው። ሆዷ ትንሽ ሊነፋ ይችላል። አፈር ትጭራለች፣ ጥግ ትፈልጋለች፣ ምግብ ትተዋለች። ጭራሽ ወንድ ያልደረሰባት ውሻ እንኳ እንዲህ ልትሆን ትችላለች።

እንዲህ ያለች ውሻ ካላችሁ ጡቷን አትለቡት። በሙቅ ጨርቅም አትሹት። በነካችሁት ቁጥር ወተቱ ይጨምራል። ራሷም አብዝታ እንዳትልሰው ጠብቋት። ጥዋትና ማታ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል አውጥታችሁ አንሸራሽሯት፤ ሐሳቧ ይበተናል። አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና ሦስት ሳምንት በራሱ ይቆማል። ጡቷ ከጠነከረ፣ ካተኮሰ፣ ከቀላ ወይም ሲነኩት ካመማት ግን የጡት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም ውሰዷት።

ጸሐፊው በዚህ ነጥብ ላይ ሙሉ በሙሉ አልሳቱም፤ እውነቱን ልናገር። የጡቷ ጫፍ በአንድ ወር አካባቢ ሮዝ መሰል ሆኖ ቆም ማለቱ፣ በተለይ ወልዳ በማታውቅ ውሻ ላይ፣ ጥሩ ፍንጭ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ለጥቂት ቀን ምግብ ልትተው፣ አልፎ አልፎም ልታስመልስ ትችላለች ማለታቸውም ትክክል ነው። ሆዷም በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ይገፋል። ልዩነታችን ፍንጭን እንደ ማረጋገጫ መውሰዳቸው ላይ ነው። የሆድ መግፋት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። አንድና ሁለት ቡችላ የያዘች ትልቅ ውሻ ሆዷ ሳይታወቅ ልትወልድ ትችላለች። የከሳች፣ አጥንቷ የሚታይና ሆዷ ብቻ የተነፋ ወጣት ውሻ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሆድ ትል አለባት፤ ወይም ሆዷ ውስጥ ውኃ ቋጥራለች።

ሆድ ዳስሶ ቡችላ መቁጠር። በ10ኛው ቀን የሚቆጠር ነገር የለም። ፅንሱ ገና በዓይን የማይታይ ነው፤ ማህፀኗ ግድግዳ ላይ እንኳ አልተጣበቀም። መጣበቅ የሚጀምረው በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። እጁ የለመደ ሐኪም ከ28ኛው እስከ 35ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ ክብ እብጠቶችን በጣቱ ሊያገኝ ይችላል። ያውም ውሻዋ ካልወፈረችና ሆዷን ካላጠነከረች። ከዚያ በኋላ ማህፀኑ በፈሳሽ ስለሚሞላ እብጠቶቹ እርስ በርስ ይቀላቀሉና መለየት ያስቸግራል። ጽሑፉን አንብቦ «ሦስት ቆጥሬአለሁ» ያለኝ ሰው የዳሰሰው አንጀቷ ውስጥ ያለውን ዓይነ ምድር ሳይሆን አይቀርም። እባካችሁ ሆዷን አትጫኑ። በእውነት አርግዛ ከሆነ ፅንሱን ትጎዳላችሁ። ማህፀኗ መግል ይዞ ከሆነ ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል።

የሽንት መመርመሪያው ላይ ብዙ አልቆይም። የሴቶች መመርመሪያ የሚያነበው ኤችሲጂ የሚባለውን የሰው ሆርሞን ነው። ውሻ ይህን ሆርሞን አታመነጭም። አሥር ቡችላ ተሸክማም ቢሆን መመርመሪያው «የለም» ነው የሚለው። ለውሻ የሚሆነው ምርመራ ሌላ ነው፤ ከእንግዴ ልጅ የሚመነጨውን ሪላክሲን የተባለ ሆርሞን በደም ውስጥ ይፈልጋል። እሱም የሚያስተማምነው አንድ ወር ገደማ ሲሆናት ነው። የፕሮጄስትሮን ምርመራ አሠርተው «ከፍ ብሏል፣ አርግዛለች» የተባሉ ሰዎችም ገጥመውኛል። ከላይ እንዳልኩት ፕሮጄስትሮን ባላረገዘችውም ላይ ከፍ ይላል።

አሁን ይህን መልስ ወዳስጻፈኝ ነጥብ መጣሁ። ጸሐፊው ፈሳሽ ቢወጣት፣ ውኃ ብታበዛ፣ ብትደክም የእርግዝና ጠባይ ነው ይላሉ። አይደለም። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የማህፀን መግል ነው፤ በሕክምናው ፓዮሜትራ ይባላል።

የሚመጣው እንዴት መሰላችሁ። ያው ፕሮጄስትሮን የማህፀኑን ግድግዳ ያወፍራል። ማህፀኑ እንዳይኮማተር ያደርጋል። የተፈጥሮ መከላከያውንም ያዳክማል። ወንድ በፈለገችበት ሰሞን የማህፀኗ በር ተከፍቶ ስለነበር ባክቴሪያ ገብቶ ይሆናል። ሞቃት፣ የወፈረና የማይንቀሳቀስ ማህፀን ለባክቴሪያ ምቹ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ፣ ማህፀኗ በመግል ይሞላል። ልብ በሉ፤ ጊዜው ከእርግዝናው ጋር አንድ ነው። ሆዷም ይገፋል። እርግዝና የሚጠብቅ ሰው እርግዝና ነው የሚያየው።

የማህፀኗ በር ክፍት ከሆነ መግሉ ይወጣል። ቢጫ፣ ቡናማ ወይም ደም የቀላቀለ ይሆናል፤ ይሸታል። በሩ ከተዘጋ ግን ምንም ነገር አይወጣም። ይህኛው ይብሳል፤ ሁሉም ነገር ውስጥ ይጠራቀማል፣ መርዙ ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ሊፈነዳም ይችላል።

አንድ ሰው ከከዚራ ውሻውን በባጃጅ ይዞ መጣ። «ምጥ ላይ ናት» ነው ያለኝ። ውሻዋ መቆም አቅቷታል። ድዷ ገርጥቶ ነበር። ሆዷ ተወጥሯል። ለብዙ ቀን ልብስ የሚታጠብበትን ገንዳ ውኃ ሳይቀር ስትጠጣ እንደነበር ነገረኝ። ግን ጽሑፉ «የተለመደ ነው» ስለሚል ጠበቀ። ሆዷ ውስጥ የነበረው መግል ነው። ለቀዶ ሕክምና ሳትደርስ ሞተች። ልጁ ውሻውን ይወዳታል፤ የወደዳትን ያህልም ነው የተንከባከባት። የተነገረውን ነው ያደረገው።

የድሬ ሙቀት ደግሞ ይህን በሽታ ይደብቅልናል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ማን ውኃ የማያበዛ አለ? ውሻውም ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ ይውላል። ስለዚህ «ውኃ አበዛች» የሚለውን በግምት አትተዉት፤ ለኩት። ጤነኛ ውሻ በቀን የምትጠጣው በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ በሽታ ይጠረጠራል። 15 ኪሎ የምትመዝን ውሻ ካለቻችሁ አንድ ሊትር የማትሞላ ውኃ ትበቃታለች ማለት ነው። በሙቀት ከዚያ ከፍ ሊል ይችላል። ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ከሆነች ግን አትጠብቁ። ጠዋት በሃይላንድ ለክታችሁ ሳህኗ ላይ አድርጉ፣ ማታ የቀረውን እዩ። ግቢ ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ ሳህናቸውን ለዩና አወዳድሩ። ሁለቱም ያው ሙቀት ውስጥ ስላሉ ልዩነቱ ይነግራችኋል።

ስለ ፈሳሽ በግልጽ ልናገር። በአንድ ወር አካባቢ የምትታይ ጥቂት፣ የጠራች፣ የማትሸት ዝልግልግ ነገር እርጉዝ ላይ ልትኖር ትችላለች። ደም፣ መግል ወይም የሚሸት ነገር ካያችሁ ግን የዚያኑ ቀን ሐኪም ይያት። የመጀመሪያው ቡችላ ሳይወለድ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ካያችሁም እንደዚሁ፤ የእንግዴ ልጁ ተላቋል ማለት ነው፣ ውስጥ ያለው ቡችላ አየር እያጠረው ነው።

በዚሁ አጋጣሚ፣ እንዳታረግዝ ብሎ የሰው የወሊድ መከላከያ መርፌ ውሻ ማስወጋትም ለዚህ መግል ይዳርጋል፤ መርፌው ፕሮጄስትሮን መሰል ነው። ቡችላ የማትፈልጉ ከሆነ መፍትሔው ማምከን ነው። «አንድ ጊዜ ሳትወልድ አትመክንም» የሚባለውም መሠረት የለውም።

ጠባይ መለወጥና መደበቅ። እዚህ ላይ ነው ሰው ሊሞት ይችላል ያልኩት። ያረገዘች ውሻ ጥግ ትወዳለች፤ እውነት ነው፣ በተለይ መውለጃዋ ሲቀርብ። ነገር ግን ድንገት ጨለማ ፈልጋ የገባች፣ የማታውቀው ጠባይ ያመጣች፣ ባለቤቷን የምትናከስ፣ ለሃጯ የሚዝረበረብ፣ ድምጿ የተለወጠ፣ መንጋጋዋ የተንጠለጠለ፣ መዋጥ ያቃታት ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርባት ይችላል። አገራችን ውስጥ ይህ በሽታ ወደ ሰው የሚመጣው በአብዛኛው በውሻ ነው። ሌሊት ከግቢ እየወጣች ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ከመንገድ ውሾች ጋር የምታድር ውሻ ደግሞ ለሁለቱም የተጋለጠች ናት፤ ለእርግዝናም ለንክሻም። «አርግዛ ነው የከፋት» ብሎ አፏ ውስጥ እጅ መክተት፣ ልጆች ውኃ እንዲያጠጧት መላክ በጣም ያስፈራኛል።

እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ አትንኳት። በር ዝጉባትና ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ። ከነከሰች ወይም ለሃጯ ቁስል ላይ ካረፈ ቦታውን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ እጠቡት። ከዚያ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ነገ አይባልም፤ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የውሻዋን ክትባት ደግሞ ከማርገዟ በፊት በየዓመቱ አሠሩ።

«ካልተቆላለፉ አታረግዝም» የሚለው ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው። መቆላለፍ የማርገዝ ዕድሉን ይጨምራል። ግን ዘሩ ከመቆላለፋቸው በፊት መፍሰስ ይጀምራል፤ ሳይቆላለፉም ያረገዙ አሉ። አንድ ጊዜም በቂ ነው። የወንዱ ዘር ውሻዋ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል በሕይወት ሊቆይ ይችላል። በዚህ የተነሳ በአንድ ወሊድ የሁለትና የሦስት አባት ቡችሎች ሊመጡ ይችላሉ። በድንጋይ እየደበደቡ ማላቀቅም አያድናትም፤ ሁለቱንም ያቆስላል እንጂ።

ከዚህ የከፋው ስህተት ግን ጽሑፉ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፈው ነው። «ደሟ ሲቆም ፈትታችሁ ልቀቋት» ይላል። አቦ፣ ይሄማ ተገላቢጦሽ ነው! ደም በሚታይባት የመጀመሪያው ሳምንት ገደማ ወንዶቹ ቢከቧትም እሷ አታስቀርባቸውም። ደሙ ሲቀንስና ሲፈዝ፣ ሮዝ መሰል ሲሆን፣ ያኔ ነው ጭራዋን ወደ ጎን አድርጋ የምትቆመው። የማርገዣዋ ጊዜ እሱ ነው። ደሟ ከታየበት ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ከዚያም ጥቂት ቀን ጨምራችሁ፣ በሩን ዝጉ። አጥሩንም እዩት፤ የድሬ ወንድ ውሻ ዝቅ ያለ ግንብ አይበግረውም።

ታዲያ በምን እንወቅ? ትሉኛላችሁ። መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ። ወንድ የደረሰባትን ቀን ግድግዳው ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉ። ከአንድ ጊዜ በላይ ከሆነ የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ጻፉ። ውሻ የምትወልደው እንቁላሏ ከወጣ በ63 ቀን አካባቢ ነው። ከስሪያው ቀን ሲቆጠር ግን ከ57 እስከ 72 ቀን ሊደርስ ይችላል፤ ዘሩ ቀደም ብሎ ገብቶ ሊጠብቅ ስለሚችል። ሁለት ወር ነው እንጂ ሦስት ወር አይደለም። ይህ ስህተት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሦስት ወር የሚጠብቅ ሰው ጊዜዋ ያለፈባትን ውሻ «ገና ነው» ብሎ ያስቀምጣታል።

ከ25ኛው ቀን ጀምሮ በአልትራሳውንድ የፅንሱ ልብ ሲመታ ይታያል። በ30ኛው ቀን አካባቢ ብታመጧት ይበልጥ ያስተማምናል። አልትራሳውንዱ መኖራቸውንና በሕይወት መሆናቸውን ይነግራችኋል፤ ቁጥራቸውን ግን ብዙም አትመኑት። ለቁጥር ራጅ ነው የሚሻለው። የቡችሎቹ አጥንት በራጅ የሚታየው ከ45ኛው ቀን በኋላ ነው፤ ከ55 በኋላ ደግሞ ጭንቅላትና አከርካሪ ለይቶ መቁጠር ይቻላል። ቁጥሩን ማወቅ ጥቅሙ በምጡ ቀን ነው። አምስት ናቸው ከተባለና አራት ወልዳ ዝም ካለች፣ አንዱ ውስጥ መቅረቱን ታውቃላችሁ።

እነዚህ መሣሪያዎች እያንዳንዱ ክሊኒክ ውስጥ እንደማይገኙ አውቃለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ከድሬ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። ምንም መሣሪያ ባይገኝ እንኳ በ30ኛው ቀን አካባቢ ሐኪም በእጁ ቢያያት ከማንኛውም የቤት ውስጥ ሙከራ ይሻላል። ቀኑን ጽፋችሁ ከመጣችሁ ሥራችን በግማሽ ይቀላል።

እቤት መሥራት የምትችሉት አንድ ጠቃሚ ልኬት አለ። የውሻ የሰውነት ሙቀት በጤናዋ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። መውለጃዋ ሲቀርብ ከ37.2 በታች ይወርዳል። ይህን ካያችሁ በአብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ምጥ ይጀምራል። በመጨረሻው ሳምንት ጠዋትና ማታ፣ የቴርሞሜትሩን ጫፍ ቫዝሊን ቀብታችሁ በመቀመጫዋ ለኩ። ቀን በቀትር አትለኩ፤ የድሬ ሙቀት ልኬቱን ከፍ ያደርግባችኋል። ማለክለኳን ደግሞ ብቻውን እንደ ምጥ አትዩት። ምጥ ከጀመረ በኋላ ግማሽ ሰዓት አጥብቃ አምጣ ምንም ካልወጣ፣ ወይም በሁለት ቡችሎች መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፈ፣ ሐኪም ጥሩ።

የቀረው ምግቡ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ምግብ ማጠፍ አያስፈልግም። እስከ አምስተኛው ሳምንት ድረስ የተለመደው ይበቃታል። ያኔ ያበዛችሁት ያወፍራታል፤ የወፈረች ውሻ ደግሞ ስትወልድ ትቸገራለች። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ መውለጃዋ ሲደርስ ከድሮው አንድ አራተኛ እስከ ግማሽ ያህል ቢጨምር ጥሩ ነው። ሆዷን ቡችሎቹ ስለያዙት ጥቂት ጥቂት በተደጋጋሚ ስጧት። ምግብ በጣም የሚያስፈልጋት ከወለደች በኋላ፣ ስታጠባ ነው።

ጽሑፉ «የተረፈ እንጀራ በወጥ» ይላል። ወጣችን በሽንኩርት የተሠራ ነው፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። እንጀራው ብቻውን ደግሞ ለእርጉዝ አይበቃም። እንቁላል፣ የተቀቀለ ሥጋ፣ የሥጋ ቤት ትርፍራፊ ጥሩ ነው። ሳንባና ጉበት ከሆነ ግን በደንብ ቀቅሉት። ጥሬውን ከበላች ሀይዳቲድ የሚባለውን ትል ትይዛለች። የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሯ ወደ ልጆቻችሁ ይተላለፍና ጉበታቸውና ሳንባቸው ላይ ውኃ የቋጠረ እጢ ያበቅላል።

ካልሲየሙን ተዉት። ጸሐፊው አጥንት ያጠነክራል ብለው ነው፤ ሐሳባቸው ይገባኛል። ግን በእርግዝና ጊዜ ካልሲየም ከውጭ ሲጨመር ሰውነቷ ከራሷ አጥንት ካልሲየም የሚያወጣበትን ሥርዓት ያስተኛዋል። ከወለደች በኋላ ወተቱ ብዙ ካልሲየም ሲጠይቅ ሥርዓቱ ቶሎ አይነቃም። ከወለደች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንቀጠቀጣለች፣ እግሯ ይገተራል፣ ታተኩሳለች፤ ካልታከመች ትሞታለች። በተለይ ትንንሾቹ ዝርያዎች ይጠቃሉ።

የሆድ ትል መድኃኒትም በራሳችሁ አትስጡ። ከየሱቁ የሚገዛው አልቤንዳዞል በእርግዝናዋ መጀመሪያ ላይ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ትሉ ደግሞ ከእናትየዋ ወደ ቡችሎቹ ማህፀን ውስጥ እያሉ ይተላለፋልና ዝም ብሎም አይታለፍም። የትኛው መድኃኒት፣ በስንተኛው ቀን የሚለውን ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ስለ ፈሳሹ፣ ስለ ውኃ ጥሙና ስለ መደበቁ የጻፉትን አንቀጽ ዛሬውኑ ያውጡት፤ ጽሑፉን ለላኩላቸው ሰዎችም መታረሙን ይንገሩልኝ። ሌላውን ቀስ ብለን እንነጋገርበታለን።